ጥቁሩ ይሻላል ቡናማው?

ናዝሬት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሐዲስ፣

ሰላምታዬ ከናዝሬት መናኸሪያ ተሳፍሮ ቡዳፔስት ድረስ በደህና ይግባ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ሳልህስ ተወህ? እኛ የፈጠረን ይመስገን ሁላችንም አለን። እናትህን ጉልበቷ ያማታል፣ እኔን ደግሞ ኑሬ ያመኛል፤ ከዚህ ሌላ በሽታ የለብንም። ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት ከፍቶ ለሚያነበው ጓድም አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረሰው። መልሶ ሲያሽገው ሙጫ እንዳይቆጥብ አደራ እላለሁ።

ኑሬን አትረሳውም፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። ክረምት ላይ ከጅቡቲ በባቡር አንድ እቃ አስመጣ። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካና ሁለት ነጭ ዱላ ያወጣል፤ በመሃል አንዲት ነጭ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም! ለዚህ ብሎ የናዝሬት ወጣት የኔን ጆተኒ ጥሎ እሱ ጋ ተኮልኩሏል። ካሴት የሚያስቀዳ፣ ሬዲዮ የሚያሠራም ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ የገባችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት፤ እሷም የኑሬ ናት።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቤቱ የቀበሌ ነው። ሊቀመንበራችን ጓድ ፈዬራ ጠርቶኝ፣ «ወጣቱን የማያገለግል ቤት እስከ መጪው መስከረም ለሚያገለግል ይሰጣል» ብሎኛል። ለማን እንደሚሰጥ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ቤት ኑሬ የዶሮ ማደሪያ ሲያደርገው ቆሜ ላይ ነው።

መልካሳ እርሻ ምርምር የሚሠራው ገመዳ እናንተ አገር ለሥልጠና ከርሞ መጥቶ፣ እዚያ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አለ አለኝ። ዱላና ነጥብ ብቻ አይደለም፤ መኪና ያስነዳል፣ እግር ኳስ ያጫውታል፣ የፈለግኸውን ያደርጋል። ርካሹ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፤ ለጨዋታ የቱ እንደሚሻል ግን አላውቅም አለኝ። አቅሜ የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። ብሳሳት የምመለስበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ ልጄ፣ ሁለቱን አወዳድርና ጻፍልኝ። ገመዳ በሚያዝያ ወደ እናንተ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል።

ሌላው የእናትህ ነገር ነው። የጎረቤቷ የዘመናይ ልጅ ከሮም ድምፁን በካሴት ቀድቶ ልኮላት፣ ወንጂ ያለ ሰው ሁሉ ቤቷ ተሰብስቦ ሰማ። ሳሉ ሳይቀር ተሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትህ አሰለፈች «የሐዲስ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው» ብቻ ነው የምትለው። ከሄድክ ሦስት ዓመት ሆነህ። ፊትህን በፎቶግራፍ ታየዋለች፤ ድምፅህን ግን ከየት ታምጣው? ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ፣ በኔ ድምፅ ነው የምትሰማህ፤ የኔ ድምፅ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። እባክህ ካሴት ላክላት። አጭርም ቢሆን ይሁን።

አጎትህ አብተው


ቡዳፔስት፣ ኅዳር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ አብተው፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ ሰላምታ በደህና ገብቷል፤ ፖስታው ግን እንደፈሩት ሙጫ ተቆጥቦበታል። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ሳሌም ትቶኛል።

ጥያቄዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ከመስኖ ትምህርቴ ይልቅ እሱን ሳጠና ከረምኩ። ገመዳ የነገረዎት እውነት ነው። ሁለቱም አሮጌ ሞዴል ስለሆኑ እዚህ ተማሪ እንኳ ከአሮጌ እቃ ገበያ ይገዛቸዋል። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጥቁሩን የተማሪዎች ክበብ አውሶኝ ነው፤ ቡናማው ክፍሌን የሚጋራኝ የሃንጋሪው ልጅ ንብረት ነው።

ጥቁሩ ዳዊት የሚያህል ቀጭን ነገር ነው። ቁልፎቹ ላጲስ ናቸው፣ ሲጫኗቸው ይሰምጣሉ። ቡናማው ወፍራም፣ ከባድ፣ ቁልፎቹም እንደ ጽሕፈት መኪና የሚንኳኩ ናቸው። ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ የጥቁሩ አንጎል በአንድ ሰከንድ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ይመታል። የቡናማው አንድ ሚሊዮን ብቻ ነው።

ግን ጋሼ፣ በዚህ ብቻ እንዳይፈርዱ። ቡናማው ውስጥ ሥዕሉን ብቻ የሚሠራ ሌላ ክፍል፣ ድምፁን ብቻ የሚሠራ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ። ጥቁሩ ማሰቡንም፣ መሣሉንም፣ መጮኹንም ብቻውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ የበለጠ የሚሮጠው ጥቁሩ ሆኖ ሳለ አንዳንድ ጨዋታ ላይ ቡናማው ይቀድመዋል። የትኛው ጨዋታ ላይ እንደሆነ ለይቼ እጽፍልዎታለሁ። ከዚህ ጋር ሦስት ገጽ ሠንጠረዥ አያይዣለሁ።

ለእማዬ ሰላም ይበሉልኝ። ካሴቱን አስቤበታለሁ፤ የዘገየሁት ፈተና ስለደረሰ ነው።

የእርስዎው ሐዲስ


ናዝሬት፣ ጥር 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተመራማሪው ልጄ ለሐዲስ፣

የገናን በዓል እንዴት ዋልክ? እኛ በደህና አሳልፈናል። ለከፋቹ ጓድም እንኳን አደረሰህ ብያለሁ።

አቤት የጫንክብኝ ነገር! ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ አንብቤ ሳልጨርስ መናኸሪያው ለሁለት ተከፈለ። «ሦስት ተኩል ከአንድ ይበልጣል፣ አለቀ!» የሚል የጥቁሩ ወገን ሆነ። ከሞጆ ኤንትሬ የጭነት መኪና የሚነዳው ነጋሳ ግን ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «እኔ ብቻዬን ስነዳ ከማንም እፈጥናለሁ። ግን ጎማ መቀየሩም፣ ሸራ ማሰሩም፣ ኬላ ላይ ወረቀት ማሳየቱም የኔ ከሆነ፣ ሁለት ረዳት የጫነ ሰነፍ ሹፌር አሰብ ቀድሞኝ ገብቶ ምሳውን ይበላል።» እኔ በሕይወቴ እንዲህ የገባኝ ነገር የለም። የሠንጠረዥህ ሦስት ገጽ ሊያስረዳኝ ያልቻለውን ነጋሳ ቆሞ አስረዳኝ።

አሁን የምጠይቅህ እሽቅድምድም ነው። አንዱን ጨዋታ በሁለቱም ላይ ክፈትና አወዳድር። በአንዱ ጎበዝ በሌላው ሰነፍ ሆነህ እንዳታዳላ ከሃንጋሪው ልጅ ጋር ተቀያየሩ። ድምፁንም ለይተህ ጻፍልኝ፤ እኔ የሙዚቃ ሰው ነኝ፣ የሚያላዝን ነገር ሱቄ አላስገባም። ቶሎ በል፣ ኑሬ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ሊገዛ ነው እየተባለ ይወራል።

ካሴቱስ? እናትህ በየቅዳሜው ከወንጂ በአውቶቡስ እየመጣች «ፖስታ ቤት ሂድና እይልኝ» ትለኛለች። ስለ ማሽን አራት ገጽ ከሠንጠረዥ ጋር ጽፈህ ለሷ አንድ መስመር ተኩል ነው ያተረፍክላት። አፍሬ ሙሉውን አነበብኩላት። ሰምታ ስታበቃ፣ «ይኸ ጥቁር ያለው ልጅ ጓደኛው ነው?» አለችኝ። ማሽን ነው ብላትም፣ «ሁሉን ብቻውን የሚሠራ ከሆነ ምስኪን ነው፤ አግዘው በለው» ብላለች። መልእክቱን አድርሻለሁ።

አጎትህ አብተው


ቡዳፔስት፣ የካቲት 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ አብተው፣

በያሉበት ጤና ይስጥልኝ። ነጋሳን በጣም ያመስግኑልኝ፤ ምሳሌውን ለሃንጋሪው ልጅ ተርጉሜለት ግድግዳ ላይ ጽፎ ሰቅሎታል።

እሽቅድምድሙን አካሂደናል። ከክበቡ ሁለት የቀለም ቴሌቪዥን ለምነን አንዱን የመኪና ጨዋታ በሁለቱም ላይ ከፈትን፣ አሥር አሥር ጊዜ ነድተን ተቀያየርን። ሲጀመር ጥቁሩ በሩቁ ቀደመ፤ ጨዋታውን ከካሴት አንብቦ ለመነሣት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቡናማው ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጦናል። ከተነሡ በኋላ ግን ቡናማው መንገዱን እንደ ቅቤ ያንሸራትተዋል። ጥቁሩ መኪና በበዛ ቁጥር ይንገጫገጫል። ኮረብታና ሒሳብ በሚበዛበት ጨዋታ ደግሞ ጥቁሩ መልሶ አሸነፈ። ትል ፖም እየበላ የሚረዝምበት ጨዋታ አለ፣ እሱ ላይ ልዩነት የላቸውም።

ቀለሙን በተመለከተ የጥቁሩ ነገር ያሳፍራል። ቀይ መኪና ሣር አጠገብ ሲደርስ መኪናው ራሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከሣሩ ሲርቅ ተመልሶ ይቀላል። ስለዚህ ቀለም ብቻ ሁለት ገጽ ጽፌ አያይዣለሁ። ድምፅ ላይም ቡናማው ሦስት ዓይነት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ ባንድ ያለው ነው የሚመስለው። ጥቁሩ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ነው።

አንድ ነገር አለ። ቡናማው ካሴት የሚያነበው በራሱ ማጫወቻ ብቻ ነው፣ ሌላ አይቀበልም። ጥቁሩ ግን እርስዎ ሱቅ ካለው ከየትኛውም ቴፕ ጋር በሽቦ ይያያዛል። እርስዎ ካሴት በመቅዳት የታወቁ ስለሆኑ፣ የጥቁሩን ጨዋታ ማባዛት ይችሉ እንደሆነ ይሞክሩት ብዬ አንድ ካሴት በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ። ላዩ ላይ የጻፍኩት ስሜን ብቻ ነው። ሲያጫውቱት ይጮሃል፣ ያንቋርራል፤ ለማሽን እንጂ ለሰው ጆሮ የተሠራ ስላልሆነ አይደንግጡ። ለማንም እንዳያሰሙት፣ በላዩም ላይ ምንም እንዳይቀዱበት አደራ።

የእማዬን ካሴት ገና አልጨረስኩትም። ያጽናኑልኝ።

የእርስዎው ሐዲስ


ናዝሬት፣ መጋቢት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ሐዲስ፣

እንደምን አለህ? እውነት ደህና ነህ? ሰውነትህስ? ጉሮሮህስ? እባክህ ደብቀህ እንዳትይዘን። ደብዳቤ ሳይከተለው ካሴትህ ብቻውን ደረሰን። ላዩ ላይ «ሐዲስ» ይላል። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሆኜ እልል አልኩ።

ወንጂ ሰው ላክሁ። እናትህ ያንኑ ቀን ነጭ ለብሳ፣ አሥራ አንድ ሰው አስከትላ በአውቶቡስ መጣች። ሽማግሌው አባባ ኡርጌሳ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ዘመናይም መጣች፤ የሷ ልጅ ከሮም ከላከው ጋር ልታወዳድር እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል። ሱቄ ሞላ። ሰው ሲሞላ ያየው ኑሬ እንኳ ሻይ ይዞ መጣ፣ ሒሳብም አልጠየቀ። ትልቁን ቴፕ አወጣሁ፣ ጭንቅላቱን በአልኮል ጠረግሁ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና ተጫንኩት።

መጀመሪያ «ጢጢጢጢጢ» አለ፣ ረጅም። ሊናገር ጉሮሮውን እየጠረገ ነው አልን። ከዚያ «ክርርርር ጭጭጭጭ ጢርርርር» አለና በዚያው ቀጠለ። ቴፑን አቁሜ እንደገና ጠረግሁት። ሌላ ቴፕ ቀየርኩ። ያው ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳትተነፍስ ጮኽክብን። ዘመናይ «የኔ ልጅ እንዲህ አይልም» አለች። አባባ ኡርጌሳ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው «አካም ጂርታ ኢልማ ኮ፣ ነጋ ዳ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነትህን እየጠየቁ ለቴፑ መለሱለት፤ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ነውር ነው ብለው ነው።

እናትህ ቴፑን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ ድምፁን ልቀንስ ስታገል፣ የሰዉን ብዛት ያየ ጓድ ፈዬራ ከሁለት የቀበሌ ጥበቃ ጋር ገባ። «ይህ ምንድነው? የማን ሬዲዮ ነው?» አለ። የጠላት ሬዲዮ መስሎታል። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ «ሃንጋሪኛ ነው ጓድ፤ የእህቴ ልጅ ነው» አልኩ።

ፈዬራ ትንሽ አሰበ። «የወንድም ሶሻሊስት ሕዝብ ቋንቋ ነዋ!» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። ካሴቱ እስኪያልቅ ቆመን ሰማንህ፤ ሲያልቅ ፈዬራ አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን። «ይህ ቤት ዓለም አቀፍ ወዳጅነትን እያገለገለ ነው» ብሎኝ ሄደ። ኑሬ ሻዩን ሰብስቦ ሲወጣ ፊቱ የከሰል ከረጢት መስሎ ነበር።

ከዚያ እናትህ እንባዋን ጠረገችና፣ «አማርኛው ጠፍቶበታል። ሦስት ዓመት ካልተናገሩት ይጠፋል» አለች። ካሴት ባዶውን አይመለስም፤ በዚያው ላይ መልሱን ቀዳንበት። ጩኸትህ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በንጹሕ ወጥቷል፣ የኔን ሥራ ታውቀው የለ! ሁሉም ተራ በተራ መረቀህ። መጨረሻ ላይ እናትህ ከቦርሳዋ የመሠረተ ትምህርት መጽሐፏን አወጣች። ስትሄድ የማታነብ እናት ነበረችህ፤ አሁን ምስክር ወረቀት አላት። ቴፑ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ለፈረንጅ እንደሚናገር ሰው ጮክ ብላ፣ «እኔ። እናትህ። አሰለፈች።» አለች። ቀጥላ ከሀ ሁ ጀምራ ፊደሉን እስከ መጨረሻው ቆጠረችልህ። ካሴቱን በማግሥቱ ልኬዋለሁ።

ጥቁሩ ይሻላል ቡናማው የሚለውንም አትርሳ። ሐኪም ቤት ሂድ።

አጎትህ አብተው


ናዝሬት፣ መጋቢት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ሐዲስ፣

ጉዴ ፈላ! የየካቲቱ ደብዳቤህ ዛሬ ገና ደረሰኝ። «ለማንም እንዳያሰሙት፣ በላዩ ላይ እንዳይቀዱበት» ይላል። አንተ ልጅ፣ ይህን ካሴቱ ላይ ብትጽፈው ምን ነበረበት? ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት ያስቀመጥከው ጓድ፣ አንተንም ታዝቤሃለሁ።

ጨዋታውን አጥፍቼዋለሁ። ለእናትህ አልነገርኳትም። እንዴትስ ብዬ እነግራታለሁ? ወንጂ ላይ ለዘመናይ «ያንቺ ልጅ ጣሊያንኛ ነው የተማረው፤ የኔ ግን እንደዚያ ያለውን ከባድ ቋንቋ ሳይተነፍስ ይናገረዋል» እያለች ነው አሉ።

ስለ ቀለም የጻፍከውን ሁለት ገጽ ደግሞ አነበብኩት። ደስ ይላል። የኔ ቴሌቪዥን ግን ጥቁርና ነጭ ነው። አንተም አልጠየቅኸኝ፣ እኔም አልነገርኩህ።

አጎትህ አብተው


ቡዳፔስት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ አብተው፣

ለእርስዎ፣ ለእማዬ፣ ለአባባ ኡርጌሳ፣ ለኑሬም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

በዚህ ጊዜ ደግሞ ካሴቱ ከደብዳቤዎችዎ ቀድሞ ደረሰ። ጨዋታውን አባዝተው የመለሱልኝ መስሎኝ ቀጥታ ጥቁሩ ላይ ሰካሁት። ጥቁሩ ካሴት ሲያዳምጥ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ያሯሩጣል። ጨዋታ ሲሆን መስመሩ እኩል ነው። አሁን ግን አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል፣ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። ከውስጡም በዚያች በዝንብ ድምፁ የሆነ ነገር ይጉተመተማል። ቅጂው ተበላሽቷል ብዬ ሽቦውን ከቴፑ ነቀልኩት፤ ድምፁ በራሱ በቴፑ ወጣ። «እኔ። እናትህ። አሰለፈች» አለች።

ጋሼ፣ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ፊደሉ መጨረሻ አልተነሣሁም። ሃንጋሪው ልጅ ምን ሆነህ ነው ብሎኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ሽቦውን መልሼ ሰካሁና እማዬ ስትናገር መስመሮቹን አየናቸው። «መ» ስትል ይሰፋሉ። ለውድድሩ ብለን ቡናማው ላይም ሞከርነው። የራሱ ማጫወቻ ድምፅ ማውጫ እንኳ የለውም። ቴሌቪዥኑ ባዶ ሆነ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ምንም ሳያሳይ ዝም ብሎ ቆየ። ፍርዴን የሰጠሁት ያን ጊዜ ነው። ቡናማው በመኪናውም፣ በዘፈኑም ይበልጣል፤ እውነቱን አልደብቅዎትም። የምልክልዎት ግን ጥቁሩን ነው። ከእርስዎ ቴፕ ጋር ይስማማል፣ ቶሎ ይነሣል፣ ቀለሙ ቢበላሽም በእርስዎ ቴሌቪዥን አይታይበትም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎት። የእማዬን ካሴት አራት ጊዜ ጀምሬው ነበር። ቴፑን ከፍቼ «እማዬ» እላለሁ፣ ከዚያ አጠፋዋለሁ። ደብዳቤ ላይ ደህና ነኝ ማለት ቀላል ነው። በድምፅ ግን ደህና አልነበርኩም። አገሩ ጥሩ ነው፣ ሰዉም ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን በናፍቆት ልሞት ነው። ይህን ድምፄ ላይ ትሰማዋለች ብዬ ፈራሁ፤ በማሽን ወሬ ስደበቅ ዓመቱ አለቀ። ለእሷ ስለ ካሴቱ እውነቱን ይንገሯት።

ገመዳ ማሽኑን ይዞ ይመጣል። አብሮት አንድ ካሴት አለ፤ በአንድ ፊቱ አሥር ጨዋታ፣ ሌላው ፊቱ ለእማዬ ነው። አሁን ላዩ ላይ በትልቁ ጽፌበታለሁ።

የእርስዎው ሐዲስ


ናዝሬት፣ ሐምሌ 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአለኝታዬ ለሐዲስ፣

ጤናህን ያብዛው፣ ዕድሜህን ያርዝመው። ጥቁሩ ገባ! ቴፑንና ቴሌቪዥኑን አያያዝኩት፣ አምስት ደቂቃ አንቋረረና ትሉ ወጣ። የመናኸሪያው ሰው «ሃንጋሪኛውን ተናገረ!» ብሎ አጨበጨበ። አሁን ሱቄ ውስጥ ቆሞ ለመጠበቅ እንኳ ቦታ የለም። ነጋሳ ጥቁሩ ረዳት የሌለው ሹፌር ነው ብሎ እየተከራከረ ከሰዓት እስከ ምሽት ይጫወታል። ጓድ ፈዬራ መጥቶ አየና፣ «በተግባር የተደገፈ ትምህርት» ብሎ መዝገቡ ላይ አሰፈረው። ቤቱ በኔ ስም ይቀጥላል ተብሏል። ኑሬ ሦስት ቀን በመስኮቱ ሲያየን ከረመ፤ በአራተኛው ቀን ሻይ ይዞ መጣና ተራ ያዘ።

እናትህ የመጣችው ቅዳሜ ነው። ሰዉን በሙሉ አስወጣሁና ሁለተኛውን ፊት አጫወትኩላት። «እማዬ» ብለህ ዝም ስትል እኔ ጩኸቱ ሊጀምር ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ «ሀ ሁ ሂ» ብለህ ጀመርክ፣ የቆጠረችልህን ሙሉ መለስክላት፣ የቀረውንም ተናገርክ። እስኪያልቅ አልተነቃነቀችም። ሲያልቅ «እንደገና» አለችኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ጥቁሩ ላይ ሰክቼ መስመሩን አሳየኋት፤ በኔ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው፣ ግን ይሄዳል። እጇን መስተዋቱ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ልጆቹ በሩ ላይ «እትዬ፣ ተራችን ደረሰ» ቢሏት ዞራም አላየቻቸው።

ስለ ካሴቱ እውነቱን ልነግራት ስጀምር «ዝም በል፣ እኔ እጽፍለታለሁ» አለችኝ። የጻፈችውን ከወንጂ አሽጋ ላከችልኝ፤ አላሳየችኝም። አብሬ ልኬዋለሁ፤ ከፋቹ ጓድ ግን ካንተ በፊት እንደሚያነበው እርግጠኛ ነኝ።

አጎትህ አብተው


ወንጂ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1979

ልጄ ሐዲስ፣

ይህን የጻፍኩት በእጄ ነው። መስመር ቢዛባ አትሳቅ።

የመጀመሪያው ካሴት ያንተ ድምፅ እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ሠላሳ ዓመት ወንጂ ፋብሪካ ጥግ ኖሬ የማሽን ድምፅ ይጠፋኛል? አብተው ሃንጋሪኛ ያለው ፈርቶ ነው። እኔም እንዳላሳፍረው ዝም አልኩ። ያለቀስኩት ልጄ ድምፁን ትቶ ማሽን ላከልኝ ብዬ ነው። ዘመናይ ላይ የኮራሁትም አውቄ ነው፤ ደግ አደረግሁ።

ፊደል የቆጠርኩልህ አማርኛ ጠፍቶህ መስሎኝ አይደለም። ልጅ ሆነህ አኩርፈህ ዝም ስትል፣ ዛሬ የተማርከውን ፊደል ቁጠርልኝ ስልህ ትናገር ነበር። አሁንም ተናገርክ። ኘን ዘለሃታል።

በካሴቱ ላይ ደህና ነኝ አላልክም። ደህና እንዳልሆንክ ሰማሁ። ይኸው ሰማሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ከእንግዲህ እናትህን አትደብቃት።

አንተና አብተው የቱ ይሻላል እያላችሁ ዓመት ሙሉ ተጻጻፋችሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም። የሚሻለው ትምህርትህን ጨርሰህ ብትመጣ ነው። እስከዚያ ግን ጥቁሩ ደህና ነው፤ ትሉን አንድ መቶ አርባ ፖም አብልቼዋለሁ። ኑሬ ዘጠና ላይ ሞቶበታል።

እናትህ አሰለፈች